በንክኪ የሚመጣ የቆዳ አለርጂ ምንድን ነው?

ለዓመታት ያለ ችግር የተደረገ ጉትቻ ወይም የቀበቶ ዘለበት አንድ ቀን ቆዳን ማሳከክና ውኃ ማስቋጠር ሊጀምር ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በብረቱ ውስጥ ያለው ኒኬል ነው። ሆኖም ኒኬሉ ቆዳን እንደ አሲድ አያቃጥልም፤ ጉዳቱን የሚያደርሱት የገዛ ራሳችን የመከላከያ ሴሎች ናቸው።

ላብ ሲነካው ኒኬል በጥቂቱ እየሟሟ ወደ ቆዳ ይገባል። ብቻውን የመከላከያ ሴሎች እንዳይለዩት እጅግ ትንሽ ነው፤ ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ግን ፕሮቲኑን ባዕድ ያስመስለዋል። ብዙዎች የሚዘነጉት የቆዳው የራሱ ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የላይኛውን ቆዳ የሚሠሩት ኬራቲኖሳይት የተባሉ ሴሎች ሲታወኩ እንደ ኢንተርሉኪን 1 ያሉ የአደጋ መልእክቶችን ይለቃሉ። በዚህ የተነቃቁ ዴንድሪቲክ የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ባዕዱን ይዘው በአቅራቢያ ወዳለው የሊምፍ ዕጢ ይጓዙና ቲ ሴሎች ለሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ያሳያሉ። ባዕዱን የሚለዩት ቲ ሴሎች በሁለት ሳምንት ገደማ ይባዛሉ። ሰውየው በዚህ ጊዜ ሁሉ ምንም አይሰማውም።

ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በሚኖር ንክኪ ነው። ቲ ሴሎቹ ቆዳው ውስጥ ገብተው ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ኬራቲኖሳይቶቹም በምላሹ ሌሎች ቲ ሴሎችን የሚስቡ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። የሚያሳዝነው፣ በዚህ ጥሪ ከሚመጡት መካከል ጠሪዎቹን ኬራቲኖሳይቶች የሚገድሉ መኖራቸው ነው። የቀሩትን እርስ በርስ ያያያዘው ማሰሪያ ይላላል፣ በመካከላቸው ፈሳሽ ይገባል፤ የምናየው ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ይህ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል ሐኪሙም ታማሚውም ሻካራነቱን፣ እብጠቱንና መጥቆሩን ልብ ሊሉ ይገባል።

ይህ ሁሉ ከንክኪው በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ስለሚወስድ ብዙ ሰው ሽፍታው በወጣበት ዕለት የበላውን ምግብ ይጠረጥራል። ሽፍታው ሲድንም አንዳንድ ቲ ሴሎች እዚያው ቆዳ ውስጥ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ያው ቦታ በሚቀጥለው ንክኪ ቶሎ ይቆጣል።

ምርመራው ይህንኑ መዘግየት ይጠቀምበታል። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን በ1895 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዘዴ መሠረት ኒኬል፣ የሲሚንቶ ክሮሚየም፣ የፀጉር ቀለም ኬሚካልና ሌሎችም በጥቂት መጠን ጀርባ ላይ ተለጥፈው ለ48 ሰዓታት ይቆያሉ። ውጤቱ ልጥፉ ሲነሣ ይታያል፤ ዘግይቶ የሚወጣ ሽፍታ እንዳያመልጥ ደግሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በድጋሚ መታየት አለበት።