ለጤና ባለሙያዎች የሚሆን ብሔራዊ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር፣ ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለፋርማሲስቶች የሕክምና መረጃ የሚያቀርብ ብሔራዊ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ያላቸው አገሮች አሉ። ኖርዌይ የራሷን በ2006 እ.ኤ.አ. ከፍታለች (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በጀት በተነሳ ቁጥር ግን ስለዚህ ሥራ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ሁሉም ነገር ጎግል ላይ አለ»

የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበትን ድረ ገጽ፣ ፐብሜድን እንውሰድ። ከ1997 ጀምሮ ለማንም በነጻ ክፍት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችም ተመዝግበውበታል። ከብዙዎቹ የሚነበበው ግን ርዕሱና አጭር ማጠቃለያው ብቻ ነው። አንድ ተረኛ ሐኪም እኩለ ሌሊት ላይ ኩላሊቱ ለደከመ ታካሚ መድኃኒት ሊያዝ ነው እንበል። ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል። ማጠቃለያው «መጠኑ መቀነስ አለበት» ይላል። በስንት ይቀነስ? ሠንጠረዡ ያለው ሙሉ ጽሑፉ ውስጥ ነው። ገጹ ደግሞ «መጀመሪያ ይክፈሉ» ይለዋል። ታካሚው አልጋ ላይ እየጠበቀ ነው።

«ነጻ ስለሆነ ወጪ የለውም»

አለው እንጂ። ባለሙያው ከኪሱ እንዳያወጣ ሌላ ሰው ከፍሎለታል። እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው።

በአብዛኛው የሚገዛው የአጠቃቀም ፈቃድ ነው፣ ያውም ለተወሰኑ ዓመታት። ኮንትራቱ ሳይታደስ ከቀረ ትናንት ሲነበብ የነበረ መጽሔት ዛሬ ይዘጋል። የተከፈለባቸው የቆዩ እትሞች እንዳይዘጉ ከተፈለገ ከመጀመሪያው ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ዋጋው ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ የአገሩ ገንዘብ ሲዳከም፣ በጀቱ አንድ ሳንቲም ሳይቀነስ የሚገዛው ነገር ያንሳል። «ለምን ጨረታ አታወጡም?» የሚል ጥያቄም አይጠፋም። አንድን መጽሔት የሚያወጣው አሳታሚ አንድ ነው። ተወዳዳሪ ከየት ይመጣል?

ያለው ጉልበት አብሮ መደራደር ነው። እያንዳንዱ ሆስፒታል ለየብቻው ሲለምንና አገር በአንድ ድምፅ ሲደራደር አንድ አይደለም። ኖርዌይ በዚህ መንገድ ሄዳ፣ ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶችን በአገሪቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያነባቸው ማድረግ ችላለች።

«ሂናሪ ካለ ሌላ አያስፈልግም»

የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 የጀመረው ሂናሪ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ላሉ ተቋማት ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ ይሰጣል። ትልቅ ውለታ ነው። ግን አገልግሎቱ የሚመጣው በተመዘገበ ተቋም በኩል ነው። የአገር ገቢ ከፍ ሲልም ነጻው ወደ ክፍያ ሊዞር ይችላል። መርጦ የሚያደራጅ፣ ባለሙያውን የሚያሠለጥን ሰውም በአገር ውስጥ ያስፈልጋል።

«አንዴ ከተሠራ በራሱ ይሄዳል»

ላንሴት የተባለው መጽሔት ኩፍኝን ጨምሮ ሦስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ በ1998 አወጣ። ሙሉ በሙሉ የሻረው በ2010 ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሻር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ቅጂም፣ እሱን የጠቀሰ የሥልጠና ጽሑፍም መፈተሽ አለበት። ይህን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። የሕክምና መመሪያም ጊዜው ያልፍበታል። በእኔ እምነት ጊዜው ያለፈበት መመሪያ መኖሩ ጨርሶ ካለመኖሩ የባሰ ነው፤ የመንግሥት ማኅተም ስላለበት ሐኪሙ ሳይጠራጠር ያምነዋል።

«ብዙ ሲሆን ይሻላል»

ለአንድ ጥያቄ አራት መቶ መልስ የሚያወርድ ገጽ፣ ተረኛ ለሆነ ሰው ምንም አላደረገለትም። መምረጥ ራሱ ሥራ ነው።

«ተጠቃሚው ጥቂት ስለሆነ ይቀነስ»

ቁጥሩን ከመፍረድ በፊት ማን ውጭ እንደቀረ መታየት አለበት። ብዙ ቦታ መግቢያው የሚከፈተው በሆስፒታሉ ኔትወርክ ነው። ከከተማ ርቃ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ በስልኳ ስትሞክር ፓስወርድ ይጠይቃታል፤ የላትም፣ ትተወዋለች። ንባቡን ብቻ ከቆጠርን እሷ የለችም። ፈልገው የተከለከሉ ሰዎችን የሚያሳይ ሪፖርት ግን ከአሳታሚዎች ማግኘት ይቻላል። የበጀት ስብሰባ ላይ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት እሱ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ከግቢ ውጭ የሚሠራ መግቢያ ለእያንዳንዱ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚሰጥበት ዕቅድ።