ፎቶ ክፍልና ሩጫ ሜዳ፦ ዲጂታል ፎቶግራፍ እና የውድድር ስፖርት በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች

የአንድ አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የቆየ የኮርስ ካታሎግ ገለጥ ብታደርጉ ፎቶግራፍንና ሰውነት ማጎልመሻን ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ። በእንግሊዝኛ የሁለቱም ስም የሚጀምረው በተመሳሳይ ፊደላት ነው፤ ካታሎጉ ደግሞ የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው። ዛሬ ብዙ ኮሌጆች ሰውነት ማጎልመሻን ኪንሲዮሎጂ ስላሉት ጉርብትናው ቀርቷል። ዝምድናው ግን አልቀረም። ሁለቱም መጽሐፍ በማንበብ ብቻ የሚገኙ ትምህርቶች አይደሉም። እጅና ዓይን፣ እግርና ሳንባ ያንኑ ነገር ደግመው ደጋግመው ካልሠሩት ትምህርቱ አይገባም። መንግሥት ለዚህ ድግግሞሽ ከፊሉን ወጪ የሚሸፍንበት ቦታ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ሃይስኩል የጨረሰ ሰው ያለ ብዙ ውጣ ውረድ ይገባበታል። ከዕድሜያቸው የቆዩ፣ ሥራ ያላቸው፣ ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎችም ይማሩበታል። ከመንግሥታዊዎቹ አንጋፋው በኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1901 የተከፈተው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ሲሆን የተጀመረው በስድስት ተማሪዎች ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ስሙ ጁኒየር ኮሌጅ ነበር። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስያሜ የተስፋፋው ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 ካወጣው ሪፖርት በኋላ ነው። ዛሬ በአገሪቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ኮሌጆች አሉ። ካሊፎርኒያ ብቻዋን 116 አላት። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ሞንትጎመሪ ኮሌጅንና «ኖቫ» የሚባለውን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በቅርብ ያውቋቸዋል።

ዋጋውን በምሳሌ ልንገራችሁ። በካሊፎርኒያ የግዛቱ ነዋሪ ለአንድ ክሬዲት የሚከፍለው 46 ዶላር ነው። ከ2012 በጋ ጀምሮ ይህ አልተለወጠም። የመጀመሪያው የዲጂታል ፎቶግራፍ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ክሬዲት ስለሆነ ክፍያው 138 ዶላር ይሆናል። መጽሐፉ፣ የሜሞሪ ካርዱና የኅትመት ወረቀቱ ለየብቻ ናቸው። በግዛቱ ደንብ አንድ ክሬዲት በሴሚስተር ቢያንስ የ48 ሰዓት ሥራ ማለት ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚጠፋውም ቤት የሚሠራውም አንድ ላይ ተቆጥሮ። ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከ144 ሰዓት አያንስም። ለአንድ ጀማሪ ፎቶ አንሺ ይህ ትንሽ ጊዜ አይደለም።

ፎቶ ክፍሉ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህሩ አንድ ነገር ያዛል፦ ካሜራውን ከአውቶማቲክ አውጡት። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ስልኩ ሁሉን ሲሠራለት የኖረ ሰው በድንገት ሦስት ነገሮችን በራሱ መወሰን አለበት። የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይመርጣል፤ ይህ አፐርቸር ይባላል። መዝጊያው ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል፤ ይህ የሹተር ፍጥነት ነው። ሦስተኛው አይኤስኦ ነው፤ ካሜራው የያዘውን ብርሃን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚመዘግብ የሚወስነው እሱ ነው።

ሦስቱ እንደ ሚዛን ናቸው። ሹተሩን ከ1/500 ሰከንድ ወደ 1/250 ብታወርዱት የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። አፐርቸሩን ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 4 ብታጠቡት ደግሞ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንስና ሚዛኑ ይመለሳል። የፎቶው ድምቀት ያው ነው። ምስሉ ግን ሌላ ነው። ከኋላ ደብዝዞ የነበረው ነገር ጠርቶ ይመጣል፤ የሚንቀሳቀሰው ሰውም በትንሹ ይደበዝዛል። ይህን ሰሌዳ ላይ ማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ጣት ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ ግን ወራት ይፈጃል። ኮርሱ የተግባር ልምምድ ክፍል (ላብራቶሪ፣ በአጭሩ ላብ) ያለው ለዚህ ነው።

የተለመደ የቤት ሥራ ልጥቀስ። ተማሪው አንድ የሚሮጥ ሰው ሁለት ጊዜ አንስቶ እንዲመጣ ይታዘዛል። አንደኛው በ1/1000 ሰከንድ ነው፦ እግሩ አየር ላይ፣ የላቡ ጠብታ ሳይቀር ባለበት ቆሞ ይቀራል። ሁለተኛው በ1/30 ሰከንድ፣ ካሜራውን ከሯጩ ጋር እያዞሩ ነው፦ ሯጩ ጠርቶ ከኋላው ያለው ሁሉ ረጅም መስመር ይሆናል። ፓኒንግ ይሉታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል። ሃምሳ ጊዜ ተነስቶ አንድ ጥሩ ከተገኘ ተመስገን ነው። ይህን ያህል ርካሽ ሙከራ የተቻለው ግን በዲጂታል ዘመን ነው። በፊልም ጊዜ አንዱ ጥቅል 36 ምስል ብቻ ይይዝ ነበር፤ ውጤቱም የሚታየው ፊልሙ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ከተገባ በኋላ ነው።

ዲጂታል ካሜራ ራሱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ካሜራ 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። አንዱን ምስል ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይወስድ ነበር። ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ ቀረበ። በ1991 ኮዳክ ለጋዜጠኞች ያወጣው ካሜራ 1.3 ሜጋፒክስል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮሌጆቹ ጨለማ ክፍሎቻቸውን አንድ በአንድ በኮምፒውተር ላብ ተኩ። ጨለማ ክፍሉን ያላፈረሱም አሉ፤ እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ወረቀት ላይ ምስል ቀስ እያለ ሲወጣ ያየ ተማሪ ስለ ብርሃን የሚያስበው በሌላ መንገድ ነው።

የላቡ ሌላ ትልቅ ርዕስ የፋይል ዓይነት ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ይይዛል። ካሜራው ሳያቀናብር እንዳለ የሚያስቀምጠው ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል ግን 16,384 ደረጃ አለው። ጥላ ውስጥ የገባን ፊት በኋላ ማውጣት የሚቻለው ይህ ትርፍ ስላለ ነው። ተማሪው ሂስቶግራም (የምስሉን ብርሃን ስርጭት የሚያሳይ ግራፍ) ማንበብን፣ ፋይል ማደራጀትን፣ ማተምን ይለማመዳል። በሴሚስተሩ መጨረሻ የተመረጡ ሥራዎቹን ስብስብ፣ ፖርትፎሊዮውን፣ ያስረክባል። በየመሃሉ ክሪቲክ የሚባለው ክፍለ ጊዜ አለ፤ ፎቶዎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፉና ሁሉም ይናገርባቸዋል። እዚያ መቆም ልብ ይፈልጋል።

ሜዳው

አማርኛ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። እኛ አትሌቲክስ ስንል ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ ነው። በአሜሪካ ኮሌጅ ግን ቃሉ ቅርጫት ኳስን፣ ቤዝቦልን፣ ዋናን፣ እግር ኳስን፣ ሁሉንም ይይዛል። ስለዚህ «የአትሌቲክስ ክፍል» የሚል በር ያያችሁ እንደሆነ ከበሩ ጀርባ ያለው የስፖርቶቹ ሁሉ ቢሮ ነው።

ብሔራዊው የጁኒየር ኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር በ1938 በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ተመሠረተ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ውድድሩ በ1939 በሳክራሜንቶ የተካሄደ የመምና የሜዳ ተግባራት ውድድር ነው። የሴቶች ስፖርት የተጨመረው በ1975 ነው። ማኅበሩ ሦስት ዲቪዚዮን አለው። በአንደኛው ኮሌጁ ትምህርቱንም፣ ማደሪያውንም፣ ምግቡንም የሚሸፍን ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል። በሁለተኛው እርዳታው በትምህርት ክፍያና በመጽሐፍ ዙሪያ ይወሰናል። በሦስተኛው ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። የካሊፎርኒያ ኮሌጆች ደግሞ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ እዚያም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይፈቀድም።

በካሊፎርኒያ አንድ ስፖርተኛ ለመወዳደር በሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መመዝገብ አለበት። ከእነዚህ 9ኙ ወደ ዲግሪ፣ ወደ ሰርተፊኬት ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ዝውውር የሚቆጠሩ ወይም መሠረታዊ ክፍተት የሚሞሉ ኮርሶች መሆን ይጠበቅባቸዋል። ለሁለተኛ ዓመት ለመመለስ 24 ክሬዲት ጨርሶ አማካይ ውጤቱ ከ2.0 ሳይወርድ መገኘት አለበት። ልምምዱ ራሱም ኮርስ ነው። ተማሪው ይመዘገባል፣ ክሬዲት ያገኛል። ኮሌጁም ለዚህ ልምምድ ከግዛቱ በጀት ይጠይቃል።

ከእነዚህ ሜዳዎች የወጡትን ስንመለከት የኮሌጆቹ ትርጉም ይበልጥ ይገባናል። ማክ ሮቢንሰን የፓሳዴና ጁኒየር ኮሌጅ ተማሪ ነበር። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦወንስ ቀጥሎ ገብቶ ብር አገኘ። ልዩነታቸው 0.4 ሰከንድ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ጃኪም እዚያው ገባ። በግንቦት 1938 ክሌርሞንት ላይ በርዝመት ዝላይ 7.78 ሜትር ዘሎ የወንድሙን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ቀን በመኪና ወደ ግሌንዴል ሄዶ ለኮሌጁ ቤዝቦል ተጫወተ። በ1947 በትልቁ የቤዝቦል ሊግ ጥቁሮችን ያገልል የነበረውን የዘር አጥር ያፈረሰው ይኸው ጃኪ ሮቢንሰን ነው።

ከሯጮቹ አቶ ቦልደን («አቶ» የራሱ ስም ነው) በሳን ሆሴ ሲቲ ኮሌጅ አልፏል። ታይሰን ጌይና ቬሮኒካ ካምቤል ብራውን ሁለቱም በካንሳስ ባርተን በሚባል ኮሌጅ ተምረዋል፤ ባርተን የሚገኘው በእርሻ መሬት መሃል ነው። በኋላ በአሜሪካ ፉትቦል ዝነኛ የሆነውን አሮን ሮጀርስን ደግሞ በ2002 አንድም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አልፈለገውም ነበርና ቤቱ አቅራቢያ ወዳለው ቢውት ኮሌጅ ገባ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሌላ ተጫዋች ሊያይ መጥቶ እሱን አገኘው። ይህ ታሪክ የሚደንቀኝ ስለ ዕድሉ አይደለም። አሰልጣኙ በመጣ ቀን ልጁ ሜዳ ላይ ስለነበረ ነው።

ስንት ዓመት መጫወት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚፈቀደው ሁለት የውድድር ዓመት ነው። እነዚህ ዓመታት ተማሪው በኋላ በዩኒቨርሲቲ ሊወዳደር ከሚፈቀድለት ዓመታት ላይ ሲቀነሱ ኖረዋል። በታኅሣሥ 2024 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ተጫዋች ዲዬጎ ፓቪያ ይህ አግባብ አይደለም ብሎ ከሶ ዳኛ ደንቡ በእሱ ላይ እንዳይሠራ አገደለት፤ አንድ ዓመትም ተጨመረለት።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ

ፎቶግራፍና ሩጫ አብረው የኖሩ ናቸው። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በሰኔ 1878 በፓሎ አልቶ የሚጋልብ ፈረስ በ12 ካሜራ አነሳ። የፈረሱ አራት እግሮች በአንድ ጊዜ ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት እንዳለ በምስሉ ታየ። ዛሬ በውድድር መጨረሻ መስመር ላይ የሚቀመጠው ካሜራ ከዚያ የሚገርም ነው። የሚያየው አንዲት ቀጭን ቋሚ መስመር ብቻ ነው። ያችን መስመር በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ያነሳና ቁራጮቹን ጎን ለጎን ይሰፋል። ስለዚህ በፎቶ ፊኒሽ ምስል ውስጥ ግራና ቀኝ ቦታ አይደለም፤ ጊዜ ነው። ዳኛው የሚያየው የሯጩን ደረት ነው፤ ጭንቅላትና እጅ አይቆጠሩም።

ለፎቶ ተማሪዎች የኮሌጁ ጂም ከሁሉ ይከብዳል። መብራቱ ደካማ ነው። በአሜሪካ ኤሌክትሪክ ላይ ብዙ የጂም አምፖሎች በሰከንድ 120 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ በፈጣን ሹተር ሲነሳ አንዱ ምስል ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለም ያለ ሆኖ ይወጣል። አይኤስኦ 3200፣ ኤፍ 2.8፣ 1/500 ሰከንድ ብሎ መጀመር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ማወቅ ይጠይቃል። ኳሷ የት እንደምትሄድ የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይጫናል። ብዙ ኮሌጆች የተማሪ ጋዜጣ ስላላቸው እነዚህ ፎቶዎች ይታተማሉ፤ የታተመ ሥራ ደግሞ ለጀማሪ ብርቅ ነው።

መድገም የሚፈቀደውና የማይፈቀደው

በካሊፎርኒያ ቀድሞ አንድ ሰው ያለፈውን የፎቶ ወይም የሰውነት ማጎልመሻ ኮርስ እስከ አራት ጊዜ መውሰድ ይችል ነበር። በጀት ሲጠብብ ግዛቱ ይህን ዘጋው። በ2012 የጸደቀው ደንብ ከ2013 የመኸር ሴሚስተር ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በሥዕልና ፎቶ፣ በትወናና ሙዚቃ፣ በሰውነት እንቅስቃሴ ትምህርቶች ተማሪው ተቀራራቢ ይዘት ባላቸው ኮርሶች ውስጥ ከአራት በላይ መውሰድ አይችልም፤ ያለፈውንም እንደገና አይወስድም። ኮሌጆቹ በዚህ ምክንያት ትምህርቶቹን ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያሉ በደረጃ ከፋፈሏቸው። በኮሌጆች መካከል የሚደረግ የስፖርት ውድድር ግን ከደንቡ ውጭ ሆነ። ሯጩ ያንኑ ኮርስ መድገም ይችላል።

ምክንያቱ ይገባኛል። መቀመጫ ጠፍቶ ወጣቶች ሒሳብ መመዝገብ ባቃታቸው ጊዜ፣ ዲግሪ የማይፈልግ ሰው ለአራተኛ ጊዜ ላብ ውስጥ ቢቀመጥ ያስቆጣል። ቢሆንም ደንቡ ፎቶግራፍን በትክክል አላየውም ባይ ነኝ። ፓኒንግ እንደ ዱላ ቅብብል ነው። ዱላ መቀበልን አንድ ሴሚስተር ተምሮ በቃኝ ያለ ቡድን የለም።

ደረጃዎቹን የጨረሰ የፎቶ ተማሪ የቀረው መንገድ ኮሚዩኒቲ ኤዱኬሽን የሚባለው ክፍል ነው። ክሬዲት የለውም፣ ከግዛቱም ድጎማ አያገኝም፤ ሙሉውን ወጪ የሚሸፍነው ተመዝጋቢው ነው። አንዳንዱ ኮሌጅ ይህን ትምህርት የሚሰጠው በዚያው ላብ ውስጥ ነው፤ ቀን ክሬዲት ይያዝበታል፣ ማታ ወይም ቅዳሜ ደግሞ ከፋዮቹ ይገቡበታል።