ስለ እንጦጦ ደንና ስለ ከተማችን ሐውልቶች የሚነገሩ ስሕተቶች

የምኖረው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት ዳር ነው። ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በየዓመቱም ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ ወደ ተራራው፣ አንድ ጊዜ ወደ መሀል ከተማ ይዤ እሄዳለሁ። የምሰማቸው ስሕተቶች ግን ከዓመት ዓመት አይለወጡም። ልጆቹ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ስለሚደግሙ፣ ይህን የምጽፈው በዋናነት ለወላጆች ነው።

በቶሎ ከሚታረሙት ልጀምር። የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ሐውልቶች የአንድ ነገር መታሰቢያ አይደሉም፤ አንዳቸውም ለዓድዋ ድል አልቆሙም። የአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ሐውልት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የተመለሱበትን ቀን ያስባል፤ ጠላት ከተማዋን የያዘውም ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው ዕለት ነበር። የስድስት ኪሎው የሐዘን ሐውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ለሦስት ቀናት የተጨፈጨፈውን የከተማውን ሕዝብ ያስባል። ኢትዮጵያ በይፋ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። በሐውልቱ ዙሪያ ያሉትን የነሐስ ምስሎች ቀርቦ ያየ ሰው ይህን የድል ሐውልት ብሎ ሊጠራው አይችልም፤ ችግሩ በመኪና እያለፉ ማየት ነው።

የፒያሳውን የምኒልክ ሐውልት ያሠሩት ራሳቸው ምኒልክ አይደሉም። የቆመው እሳቸው ካረፉ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሰሞን ነው። እንደ አንድ የሚቆጠሩት የአንበሳ ሐውልቶችም ሁለት ናቸው፤ ወደ ሮም ተወስዶ የተመለሰው የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ እንጂ በብሔራዊ ቴአትር በኩል ያለው የድንጋይ አንበሳ አይደለም። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልትም የደርግ ባለ ሥልጣናት መታሰቢያ ሳይሆን በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት የወደቁ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ግን ስለ እንጦጦ ደን የሚባለው ነው። በ2013 ዓ.ም. መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህ በርካታ ሰው ወደ ተራራው ይወጣል፤ ሲወርድም «ከጥንት ያልተነካ የተፈጥሮ ደን አየሁ» ይላል። አንድ አስጎብኚም በተማሪዎቼ ፊት ይህንኑ ሲናገር ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልሁም። ያየው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ይናገራል፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ እኛ የመጣውም በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ በመሆኑ ዕድሜው ከ130 ዓመት ብዙም አይዘልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ በዙሪያቸው አንድም ባሕር ዛፍ አልነበረም። የተራራው ነባር ዛፎች ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ነበሩ፤ እነሱም ለቤትና ለማገዶ ተቆርጠው አልቀው ነበር።

ባሕር ዛፉ ለጌጥ ተተከለ የሚሉም አሉ። የተተከለው ለማገዶና ለቤት ሥራ ነው። በዚያ ዘመን በአካባቢው ያለው እንጨት ሲያልቅ መናገሻው ይነሣ ነበር፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙ ሳትቆይ ያው ችግር ስለገጠማት፣ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ሐሳቡ ሲቀር የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም አዲስ ዓለም ማርያም ተብሎ ይታወቃል። አዲስ አበባ በቦታዋ እንድትጸና ካደረጉት ነገሮች አንዱ በፍጥነት የሚያድገው ይህ ዛፍ ነው።

አንድ ተማሪዬ ሁለት ቅጠል ይዞ መጥቶ፣ ሰፊውና እንደ አመድ የነጣው የአገር በቀል፣ ረጅሙና እንደ ማጭድ የጎበጠው የባሕር ዛፍ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ወደ አንድ ጉቶ ወስጄ አሳየሁት። ከጉቶው የፈላው ለጋ ቅርንጫፍ ሰፊውን ቅጠል፣ አጠገቡ ያለው ትልቅ ዛፍ ረጅሙን ይዟል፤ ሁለቱም ነጭ ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ቅጠሉ የሚለወጠው በዕድሜ ነው። ያው ጉቶ «ቆርጠን እንጨርሰውና በአገር በቀል እንተካው» ለሚሉትም መልስ አለው። ባሕር ዛፍ በመቆረጥ አያልቅም፤ እንደገና ያቆጠቁጣል። ያን ቀጥ ያለ ዳገት በአንድ በጋ ያራቆተ ሰው ደግሞ በክረምቱ አፈሩን ጎርፍ ሲወስደው ያያል። ስለዚህ መተካት ያለበት ቀስ በቀስ፣ ክፍል በክፍል ነው። የነባሩን ዛፍ መልክ ለልጆቻችሁ ማሳየት ከፈለጋችሁ 705 ሄክታር ወደሚሰፋው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወይም ወደ መናገሻ ሱባ ውሰዷቸው፤ የጽድ ግንድ በእጃቸው ይዳስሱ፣ የኮሶ አበባ ይዩ።

በመጨረሻ፣ «ደኑን የጨረሱት ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች ናቸው» ስለሚባለው። ቅጠል መጥረጉ መሬቱን እንደሚያራቁት አልክድም። ነገር ግን ከተማው ለረጅም ዘመን እንጀራውን የጋገረው እነዚህ ሴቶች ጎንበስ ብለው ባወረዱት ቅጠልና ጭራሮ ነው። እናቴ ከመካከላቸው አንዷ ነበረች። ገና ሳይነጋ ወጥታ ረፋድ ላይ ትመለስ ነበር፤ ሸክሙን ስታወርድ የገመዱ ሰንበር በሁለቱም ትከሻዋ ላይ ይታይ ነበር። መጥረቢያ በቤታችን አልነበረም።