«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት»፦ ትርጉሙና መነሻው

የነሐሴን ሰማይ ቀና ብሎ ላየ ሰው ይህ አባባል ሐሰት ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል፤ ጳጉሜን አምስት ስትሆን ድምሩ 95 ቀን ነው። ቡሄ የሚውልበት ነሐሴ 13 ደግሞ 48ኛው ቀን ነውና 47 ቀን ከበስተፊቱ፣ 47 ቀን ከበስተኋላው አለ። አባባሉ «የለም» ብሎ የሚያሰናብተው ክረምት እንግዲህ ገና እኩሌታው ላይ ያለ ክረምት ነው። በማግስቱም ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው አይደርቅም፣ ዓባይም ግርማውን የሚያሳየው በዚሁ ወር ነው።

የምስጢሩ መፍቻ ያለው በሁለተኛው ሐረግ ነው። ዶሮም የሚጮኸው ሳይነጋ ነው፤ የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮኽ ደጁ ጨለማ፣ ብርዱም የበረታ ነው። ሆኖም ጩኸቱን ሰምቶ የነቃ ሰው ሌሊቱን እንዳለቀ ይቆጥረዋል፤ ማለዳ መንገድ ያለበትም ጓዙን ማሰናዳት ይጀምራል። አባባሉን የፈጠሩት ሰዎች የሌሊቱንና የክረምቱን ርዝመት አሳምረው ያውቁ ነበር። ሊናገሩ የፈለጉት ችግር ማለቁን የሚያበስር ምልክት ከታየ በኋላ የሚቀረው ጊዜ እንደ ቀድሞው እንደማይከብድ ነው።

ለክረምቱ መውጫ ምልክት የተደረገው ቡሄ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ታቦር ነው። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ እንደ ወጣ፣ በፊታቸውም መልኩ እንደ ተለወጠ፣ ሙሴና ኤልያስም እንደ ታዩ በወንጌል ተጽፏል። በትውፊት ደግሞ በአካባቢው የነበሩ እረኞች ብርሃኑን አይተው ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። በዋዜማው የሚበራው ችቦና ለልጆች የሚታደለው ሙልሙል ከዚህ ትረካ ጋር ይያያዛሉ። የጅራፉንም ጩኸት ከደመናው ውስጥ በተሰማው የአብ ድምፅ የሚመስሉት አሉ።

በወንጌሉ ታሪክ ውስጥ ጴጥሮስ የተናገረው ነገር ለዚህ አባባል ትርጓሜ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። በዚያ መሆን መልካም እንደሆነ ተናግሮ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ፤ ያ ቀን እንዲያልፍ አልፈለገም። አባባሉ ግን «ቡሄ ካለፈ» ብሎ ይጀምራል። በበዓሉ ዕለት በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሰዎች የሚለያዩትም በዚሁ ነው፤ ቀኑ እንዲቆይለት የሚመኝ አለ፣ አልፎ እንዲያሳልፍለት የሚጠብቅም አለ።

ልጁ እንደ ጴጥሮስ ነው። ገና በሐምሌ ቃጫውን ገምዶ ጅራፉን ያዘጋጃል፤ ጫፉ በደንብ ካልቀጠነ አይጮኽምና እየፈታ ደግሞ ይገምደዋል። ከራሱ በላይ አዙሮ በድንገት ሲመልሰው የሚወጣው ድምፅ ከጎረቤቱ ልጅ ጅራፍ በልጦ ከተሰማ፣ ሆያ ሆዬ ሲጨፍር ውሎ ሙልሙሉን በጉያው ይዞ ከገባ፣ የክርስትና እናቱም ድርሻውን ካስቀመጠችለት ከዚህ የበለጠ ቀን አያውቅም። ክረምቱ ወጣ አልወጣ አይገደውም፤ እንዲያውም ክረምቱ ሲወጣ ትምህርት ቤት ይከፈትበታል።

የአብነት ተማሪውም ቀኑን የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ምስጢሩ የተገለጠው ለደቀ መዛሙርት ነውና። ተማሪዎቹ ከምእመናን የለመኑትን እህል አሰባስበው ጠላ ይጠምቃሉ፣ ሌላ ጊዜ ቁራሽ የሚሰጣቸውን ሰው በዚያ ቀን እነርሱ ይጋብዙታል። በዋግ፣ በላስታ፣ በራያና በትግራይ ያሉ ልጃገረዶች ግን ዓይናቸው ያለው ከቡሄ ማዶ ነው፤ ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለልና አሸንዳ ነሐሴ 16 ይጀምራሉ።

አባባሉ ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው በእናቲቱ አፍ ነው። በነሐሴ ጎተራው ተሟጥጧል፣ የዘንድሮው አዝመራ ገና በማሳ ላይ ነው። በዓሉ በፍልሰታ ጾም መካከል መዋሉ ለድሃ ቤት ትልቅ እፎይታ ይመስለኛል፤ ዶሮ አይጠየቅም፣ ቅቤ አይጠየቅም፣ የሚጠበቀው ዳቦ ብቻ ነው። ያንንም ቢሆን ከደጇ የቆመ ልጅ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ዱቄቷን መጥና፣ ሙልሙሉን ሲያሻት አሳንሳ ትጋግራለች። ጨፋሪዎቹ መርቀዋት ሲሄዱ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የምትለው የበቆሎውን እሸት መድረሻ በልቧ እየቆጠረች ነው። ለእርሷ መልካም ቀን ማለት ሳታፍር የዋለችበት፣ የእህል መድረሻውም አንድ እርምጃ የቀረበበት ቀን ነው።

አረጋውያኑ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። ክረምት ቁርጥማት የሚነሣበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ወቅት ስለሆነ እኩሌታውን መሻገር በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ጥቂት ፀሐይ ከወጣች በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ ጨፋሪ ልጆች ሲመጡም «ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ብለው ይመርቃሉ። እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ግን «የከርሞ ሰው ይበለን» ይባባላሉ። ልጁ እንዳያልፍበት፣ እናቲቱ እንዲያልፍላት የምትፈልገውን ቀን እነርሱ ተመልሰው ሊደርሱበት ይመኛሉ።

አባባሉ ዛሬ ከበዓሉ ውጭም በየቦታው ይነገራል፤ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያው ሐረግ ብቻ ተብሎ ሁለተኛው ለሰሚው ይተዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ለገምጋሚ ላስረከበ ተማሪ፣ ቤት እየሠራ ጣሪያው ላይ ለደረሰ ሰው፣ ሕመሙ ጠንቶበት ከርሞ እህል መቅመስ ለጀመረ በሽተኛ ይስማማል። ችግሩ ገና ዛሬ ለጀመረው ሰው ከተባለ ግን ማጽናናት ሳይሆን ማላገጥ ይሆናል፤ ሥራውን ትናንት ላጣ ሰው ቡሄው ገና አልደረሰምና ለእርሱ የሚሆን ሌላ ቃል መፈለግ ይገባል።