ፓወር ሰፕላይ ላይ «500 ዋት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያድለውን ዕቃ) ስጠይቅ፣ ሻጩ «80 ፕላስ ስለሆነ 500 ቢልም የሚሰጥህ 400 ነው» አለኝ። ተሳስቷል። ግን ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው።

500 ዋት የሚባለው ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ነው። 80 ፕላስ ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ ምልክት ነው፤ ብቃት ማለት ከሶኬቱ ከሚስበው ውስጥ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ድርሻ ነው። ብቃቱ 80 ከመቶ ከሆነ፣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከሶኬቱ 625 ዋት ይስባል። 125ቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ቆጣሪው ግን ሁሉንም ይቆጥራል!

ይልቅ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን እርሱትና ዕቃው ጎን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ እዩ። ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። እዚያ ሥር 18 አምፔር ብቻ ከተጻፈ፣ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ነው። ታዲያ 500ው የት ሄደ? አርቲኤክስ 3060 ካርድ ለብቻው 170 ዋት ይበላል። አምራቹ ኤንቪዲያም ለእሱ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው የሚመክረው፤ ፕሮሰሰሩም አለ፣ ፍጆታው ድንገት ሲያሻቅብ የሚሆን ትርፍም ያስፈልጋል።

እኔማ በእጄ ሳነሳው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከቀለለኝ፣ ሠንጠረዡንም ሳላይ እመልሰዋለሁ።