አስታማሚውንስ ማን ያስታምመው?

በቤታችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው የምታስታምሙ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሰው ሲያገኛችሁ «ልጅሽ እንዴት ነው?»፣ «ወንድምህ ተሻለው ወይ?» ይላል። መጠየቁ ደግ ነው። «አንቺስ ትተኛለሽ?» የሚል ግን ብዙም የለም።

ማቴዎስ ምዕራፍ 15 ላይ ያለችውን ከነዓናዊት እናት ተመልከቱ። የታመመችው ልጇ ናት፤ እርሷ ግን ጌታን «ማረኝ» አለችው። እግሩ ላይ ወድቃም «እርዳኝ» አለች። ጌታ ስለ ራሷ በመለመኗ አልነቀፋትም። ማርቆስ 9 ላይ ያለው አባትም «እዘንልን፣ እርዳንም» ነው ያለው። ልጁ ስንት ጊዜ እሳትና ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ያየ ሰው ነው። ሕመሙ የልጁ ቢሆንም ቤቱ በሙሉ ደክሟል።

በሁለቱም ታሪኮች ልጆቹን ያሠቃያቸው ርኩስ መንፈስ ነበር፤ ታሪኮቹን ያነሣሁት ግን የአእምሮ ሕመም ሁሉ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ለማለት አይደለም። እንዲህ ተብሎለት መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌሊቱን የሚያነጋው መካሪው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። እንጸልይ፤ ሐኪሙ ሳያውቅ ግን መድኃኒት አናስቁም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ8 ሰዎች 1ዱ ከአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር እንደነበር ገልጿል። ስለዚህ አስታማሚው ከእኛው ጋር እያመለከ ነው። ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠው፣ ስልኳን ከእጇ የማትለየው፣ ጉባኤው ሳያልቅ የምትወጣው እህት ሰው ጠልታ ላይሆን ይችላል። ሌሊት የበር ድምፅ በሰማች ቁጥር ትነሣለች። ሥራዋን ትታለች፣ ጓደኞቿ ርቀዋል፣ ገበናዬ ይወጣል ብላ ሁሉንም ሆድ ይፍጀው ብላለች። አንዳንዱ ደግሞ «ምን በድለው ነው?» ይላል። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዓይነ ስውሩ ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ጌታ ግን እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት ስለሠሩ አይደለም አላቸው። ይህን መልስ የሰማን ሰዎች ወላጅ ላይ ጣት መቀሰር አይገባንም።

ማረፍ እምነት ማጣት የሚመስላችሁም አላችሁ። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጀራና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ ደግሞ ቀሰቀሰውና አበላው። መንገዱ ሩቅ ነበርና። የእናንተም መንገድ ሩቅ ነው፤ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለን ነገር የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም) እና ባይፖላር (ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም) ብዙ ጊዜ የዓመታት ክትትል ይፈልጋሉ። ደግሞም ወቀሳና ቁጣ በበዛበት ቤት ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽ በጥናት ታይቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሳይፈልግ ይቆጣል። ስለዚህ የእናንተ ዕረፍት ለታማሚውም ይተርፈዋል። መኖር ያስጠላችሁ ቀን ግን ለብቻችሁ አትያዙት፤ ሳታድሩ ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ንገሩ።

እኛ የቀረነው ደግሞ «እንጸልይላችኋለን» ብለን አንለፍ። ቀንና ሰዓት እንጠይቅ። ሄደን ከታማሚው ጋር በስሙ እየጠራን እንጫወት፤ ያየነውን ለሌላ አናውራ። መቼ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሲጨንቀው ማንን መጥራት እንዳለብን ቀድመን ከቤተሰቡ እንረዳ። እህታችን በዚያ ሰዓት ትተኛ፣ ወይም ወጣ ብላ ትምጣ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንመለስ።