አዝማሪ ቤት፦ በጎንደርና በአዲስ አበባ የምሽት ጨዋታ

አዝማሪ ቤት ማለት አዝማሪዎች በማሲንቆ ታጅበው እየዘፈኑና በእንግዳው ላይ ግጥም እየገጠሙ የሚያመሹበት መጠጥ ቤት ነው። አዝማሪ የሚለው ስም ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ ነው። ከባህል ምግብ ቤት ጋር ግን አንድ አይደለም። በባህል ምግብ ቤት መድረክ አለ፣ የየብሔረሰቡ ጭፈራ በተራ ይቀርባል፣ እንግዳው እራቱን እየበላ ያያል። አዝማሪ ቤት ውስጥ እንግዳው ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ዝም ያለ ምሽት ያሳልፋል።

በጎንደር መነሻው ፒያሳ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ሲቆረቁሩ ካሠሩት ግንብ አጠገብ ስለሚገኝ፣ ቀን ፋሲል ግቢን ሲጎበኝ የዋለ ሰው ማታ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። በአዲስ አበባ ደግሞ ስመ ጥር የነበረው የካዛንቺስ ሰፈር ነው። የካዛንቺስ አብዛኛው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ፈርሷል፤ ከአዲስ አበባው ፒያሳም ሰፊው ክፍል ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. ተነሥቷል። ስለዚህ የቆየ የጉዞ መጽሐፍ ወይም ያልታደሰ ካርታ ይዞ የሚወጣ ሰው አጥር ፊት ሊቆም ይችላል። ቀን ላይ የሆቴሉን ዘበኛ ወይም የታክሲ ሾፌር «ዛሬ ማን ቤት ነው የሚደምቀው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መንገድ ላይ ተጠግቶ «እኔ ልውሰድህ» የሚል ወጣት ግን ብዙ ጊዜ ከቤቱ ኮሚሽን የሚያገኝ ነው፤ ኮሚሽኑም ዞሮ ዞሮ ሂሳቡ ላይ ይታያል።

ጨዋታው የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሲሆን የሚሞቀው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። በ1 ሰዓት የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ባዶ በርጩማ ነው። ጠጅ ቤት በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በጊዜ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ፣ ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ጠጁን ያስቀድም። ብርሌው ትንሽ ስለሚመስል መዘናጋት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጣፋጭነቱ ኃይሉን ይደብቃል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙዎቹ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ይቀዘቅዛሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል ከተሞች የምሽት እንቅስቃሴ ገደብ ሲጠብቅና ሲላላ ስለቆየ፣ ጎንደር ላይ ከመውጣት በፊት የዕለቱን ሁኔታና የባጃጁን የመጨረሻ ሰዓት ማጣራት ግድ ነው። ሰዓት እላፊ የሌሊት ጨዋታን እንደሚያዳክም በደርግ ዘመን በደንብ ታይቷል።

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። ክሩ ከፈረስ ጭራ ይሠራል፣ የደጋኑም ክር እንዲሁ። አራት ማዕዘን ያለው የእንጨት አካሉ በቆዳ ይለበጣል። ተጫዋቹ ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ በጣቶቹ ከጎን እየነካ ነው ዜማውን የሚያወጣው። እንደ ሰው ድምፅ የሚያለቅሰውም በዚህ ምክንያት ነው። በክረምት እርጥበት ቆዳው ስለሚላላ ድምፁ ይደፈናል። ዛሬ ብዙ ቤቶች ድምፅ ማጉያ ያስገቡ ስለሆነ ግጥሙን መስማት የሚፈልግ ሰው ከማጉያው ፊት አይቀመጥ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቃሉ ተውጦ ጩኸቱ ብቻ ይቀራል። ዜማው ከአራቱ ቅኝቶች ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ አይወጣም ማለት ይቻላል። ትዝታ ሲጀመር ወሬ ማቆም ጨዋነት ነው።

አዝማሪው ወደ እንግዳው ሲጠጋ የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ ነው፦ ስም፣ የትውልድ አገር፣ ሥራ፣ አብሮ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ። ይህን ቀደም ብሎ በጆሮው መንገር ይጠቅማል፤ ካልተነገረው ይገምታል፣ እህትንም እጮኛ አድርጎ ያሞግሳል። እንግዳውም ግጥም ማቀበል ይችላል። «ተቀበል» ብሎ አንድ ስንኝ ሲናገር አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል። የወል ቤት የሚባለው፣ ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ያለው ምጣኔ፣ ለጀማሪ ይመቻል፦

እንግዶች መጥተዋል ከሩቅ አገራቸው፤
ጨዋታው እንዲያምር፣ በል ጥራ ስማቸው።

ሰሙ «ስማቸውን ጥራ» ነው፤ ወርቁ «ጥራቸውና አድምጣቸው»። ሁለቱን ትርጉም የያዘው ኅብረ ቃል «ስማቸው» ነው። ቤቱ የሚስቀው ወርቁ ሲገባው ስለሆነ፣ ሳቁ አንዳንዴ በአንድ ስንኝ ዘግይቶ ይመጣል። ዘለፋም አለ፦ ራሰ በራነት፣ ስስት፣ ብቻውን የመጣ ሰው። የሚቆጣ ሰው ጨዋታውን ያበላሻል፤ መልሱ በግጥም ወይም በሽልማት ነው። ፖለቲካና የብሔር ጉዳይ ግን ባያቀብሉ ይመረጣል፤ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ አይከፈልም። ቤቱ የሚያተርፈው ከመጠጡ ስለሆነ ቢራው ከተራ ግሮሰሪ ይወደዳል፤ ዋጋውን ከመጀመሪያው ጠርሙስ በፊት መጠየቅ ነውር የለውም። ባዶ ጠርሙሶችን እስከ ሂሳብ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ማስቀረት የቆየ ዘዴ ነው፤ አስተናጋጁም እንግዳውም የሚቆጥሩት እነሱን ነው። ሽልማቱ ግን ለአዝማሪው የሚሰጥ ነው፤ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል ወይም በኮሌታው ይሰካል። ባለ 200 ብር ኖት ብቻ ይዞ መምጣት ትልቁ ስሕተት ነው፦ አንዴ ሰጥቶ ለሌላው ዙር ባዶ እጅ መቅረት ይመጣል፣ ከተሸለመ ብር ላይ መልስ መጠየቅ ደግሞ አይሆንም። ቀን ላይ ወደ 10 እና 50 ብር መዘርዘር ነው። ቀረጻም ከሽልማት በኋላ ቢሆን ይቀላል።

እስክስታ የሚወርደው ሰው እንግዳውን ሲያስነሣ ችሎታ አይጠይቅም፤ ትከሻን መሞከር ይበቃል፣ እንቢ ብሎ መሟገት ግን የሁሉንም ዓይን ይስባል።

አዝማሪና ላሊበላ ይምታታሉ። ላሊበላዎች፣ ሐሚና የሚባሉትም፣ ያለ መሣሪያ ገና ሳይነጋ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙ ናቸው። ስለዚህ ከአዝማሪ ቤት አምሽቶ የተኛ ሰው ጎህ ሳይቀድ በደጅ ዜማ ቢነቃ የሰማው የማታዎቹን አይደለም።